ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞሩ ሰዎች

አዲስ አበባ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጋለሪ ውስጥ የተከፈተ የሥዕል ኤግዚቢሽን አይቼ መጣሁ። ሰዓሊዋ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የወጣች ወጣት ናት፣ ስሟን በሩ ላይ ታገኙታላችሁ። ሥዕሎቹ ሁሉ የሰው ናቸው፣ ሁሉም በዘይት ቀለም። ሂዱና እዩት። ግማሹ በጣም አሪፍ ነው፣ ግማሹ ገና ይቀረዋል።

ከአሪፉ ልጀምር። በግራ በኩል ቡና የምትቆላ ሴት አለች። ፊቷ ወደ ጎን ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ይሄ ነገር ይገባዋል፤ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ነው የሚያዩን፣ በአንድ ዓይን በጎን የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ ሰይጣን ወይም ክፉ ሰው ነው። ሰዓሊዋ ግን የምትወዳቸውን ሰዎች በሙሉ ወደ ጎን አዙራቸዋለች። ማንም ቀና ብሎ አያየንም፣ ሁሉም ሥራው ላይ ነው። ይሄን ድፍረቷን ወድጄላታለሁ።

እጆቹ ደግሞ! ጠጋ ብላችሁ የመቁያውን እጀታ የጨበጠውን አውራ ጣት እዩልኝ። ከሩቅ ቡናማ ነው፣ ሲጠጉት ግን ከሥሩ አረንጓዴ አለ፣ ጥፍሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ በስፓቱላ አንዴ ተጭኖ የቀረ ሮዝ። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ እርጥቡን በእርጥብ ላይ እያስኬዱ ማዋሐድ ይቻላል፣ ቶሎ በሚደርቀው በአክሪሊክ ቀለም ይሄን ማምጣት ፍዳ ነው።

ያልወደድኳቸው ከፎቶ የተገለበጡ የሚመስሉት የፊት ሥዕሎች ናቸው። ጥላው የስልክ ፍላሽ ጥላ ነው፣ ከንፈር ላይ ሲደርስ ብሩሹ ይፈራል። ጥቂት የጉልት ሴቶችም አሉ። የገበያ ሴቶችን ሲሥሉ የኖሩትን የታደሰ መስፍንን ሥራ የሚያውቅ ወዲያው ይነቃል። እዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ስላስተማሩ ተጽዕኗቸው ቢታይ አይገርምም፣ ግን የራሷ ነገር እያላት ምን አስዋሳት?

ለነገሩ ለሰው ሥዕል ጊዜው ጥሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ትልቁ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ በቬኒስ ቢያናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ ቦታ) ስትከፍት ሥራው የቀረበው የተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር፤ እሱም ሰው ነው የሚሥለው፣ እሱም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ ነው።

ጋለሪው ግን አናዶኛል። መብራቱ ቀጥታ ሸራው ላይ ስለሚያርፍ ቫርኒሹ ያብለጨልጫል፣ ትልቁን ሥዕል አንዴ ጎንበስ አንዴ ቀና እያልኩ በቁራጭ በቁራጭ ነው ያየሁት። ዋጋ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። እንዴት ነው ታዲያ አንድ ጀማሪ ሥራውን የሚሸጠው?

መግቢያው ነጻ ነው፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ የመስኮቱ ብርሃን ከአምፖሉ በብዙ ይበልጣል። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የፊት ሥዕሎቹን እለፏቸው፣ ሰዓሊዋን ራሷን ፈልጋችሁ ስለ ቡና ቆይዋ ጠይቁ።