እኚህን መምሬ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል

ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ። ግን ትዳራችሁ ተንጠልጥሎ ያለ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። አምና የዕቁብ እጣችን ሲወጣ ብሩን ተቀብሎ ለወንድሙ ሰጠው። ለእኔ ትንፍሽ አላለም። የሰማሁት ከዕቁቡ ጸሐፊ ሚስት ነው፣ ያውም ለቅሶ ቤት! ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ፣ ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ አለማወቄ ነው። 7 ወር አልጋ ለየን። "ኪራይ ተከፍሏል"፣ "ልጁን አንተ አምጣው"፣ ከዚህ ያለፈ ወሬ የለም። በመጨረሻ የፍቺ ማመልከቻ አስገባሁ።

እስከዚያ ድረስ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ሽማግሌ "ትዳር መቻል ነው፣ ቻይው" ብሎኝ ሄደ። የትዳር አማካሪ ነው የተባለው ሰውዬ የሰዓት አስከፍሎኝ ግማሹን ስልኩን ሲነካካ ጨረሰው። ሌላው ደግሞ "መተት ነው" አለና ዘይት ሸጠልኝ። ዘይቱ እስካሁን ጓዳ ተቀምጧል፣ ለመጣልም ፈራን መሰለኝ።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ አስቡበት ተብሎ 3 ወር ተሰጠን። በዚህ መሀል ነው የሥራ ባልደረባዬ "የኛን የንስሐ አባት ላገናኝሽ" ያለችኝ። "ኧረ በቃኝ!" ብያት ነበር።

መምሬ መጀመሪያ ለእኔ ብቻ ደወሉ። "ልጄ፣ ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጁን አንስቶብሽ ያውቃል?" በፍጹም አልኳቸው። "አዎ ብትዪኝ ለእርቅ አልመጣም ነበር። መጀመሪያ አንቺን ከዚያ ቤት ማውጣት ነበር ሥራዬ" አሉ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ደጅ ስጠና ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለማ!

ቤት መጡ። ቡና ላቀርብ ብድግ ስል "አንቺ ተቀመጪ፣ እሱ ያምጣ" አሉ። ባሌ ስኒው የት እንዳለ አያውቅም። ሲፈልግ ሳላስበው ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ኤፌሶን ምዕራፍ 5ን ገለጡ። ሰው ሁሉ ቁጥር 22 ላይ፣ ሚስቶች ይገዙ የሚለው ጋ፣ ድምፁን ከፍ ያደርግና እዚያው መጽሐፉን ይዘጋል። እሳቸው ከ25 ጀመሩ። ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን እንደሰጠ ባልም ሚስቱን ይውደድ የሚለውን አነበቡና ወደ እሱ ዞሩ፦ "እስቲ ለእሷ የሰጠኸውን ንገረኝ። ደሞዝህን አላልኩም።" ዝም አለ። በጣም ዝም አለ። ከዚያ፣ አባቱ ሲሞት እንኳ እንባ ያልወጣው ሰውዬ፣ አለቀሰ። "አፍሬ ነው ያልነገርኳት" አለ።

እኔንም አልማሩኝም። "ስሙን ያጠፋሽበት ቤት ሁሉ ሄደሽ መልሺው" አሉኝ። ለአማቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እውነቱን ለመናገር ከፍቺው ይከብዳል።

ማመልከቻውን አንስተናል። ባሌ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ሂሳብ እየሠራ የዕቁቡን ብር ይመልሳል። አርሰናል እየተጫወተ! የሚያውቁት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። አድርግ ያልኩት እኔ አይደለሁም።

መምሬን እንዴት እንደማመሰግናቸው አላውቅም። ፖስታ ባዘጋጅ ተቆጡኝ፣ የያዙት አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ነው። እባካችሁ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት እሳቸውን አግኙ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፣ ስለዚህ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥራቸውን እሰጣለሁ። ጠዋት ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ሞክሩ። ስልካቸው ያቺ ትንሿ ቁልፍ ያላት ናት፣ ቴሌግራም ላይ አትፈልጓቸው። ካላነሱም ደግማችሁ ደውሉ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል።