ለልጄ ሻዶ ቲቸር ምስጋና፣ ሰመር ካምፕ ለምትፈልጉ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመጣውን ጭንቀት ታውቁታላችሁ። ሌላው ልጅ እረፍት ደረሰ ብሎ ይቦርቃል። የኛዎቹ ግን የለመዱት ሰዓት፣ የለመዷት መምህርት፣ የለመዱት ወንበር ባንዴ ይጠፋባቸዋል። እንቅልፋቸው ይዛባል። ዓመቱን ሙሉ ተለፍቶበት የመጣው ለውጥ ወደ ኋላ ሲመለስ እያያችሁ ትቀመጣላችሁ። ሰመር ካምፕ የምንፈልገው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም።

ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስትደውሉ ቦታ አለ። «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ስትሉ ቦታው ይሞላል። «ሠራተኞቻችን ሥልጠናው የላቸውም» ብለው በግልጽ የሚነግሯችሁን ተመስገን በሉ። ተቀብለው የመጀመሪያው ቀን ሳይጋመስ «ኑና ውሰዱት» የሚሉም አሉ። እኛ ሁሉንም ቀምሰናል። የማንንም ስም አላነሳም፤ ዛሬ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

ዘንድሮ ልጄ ካምፑን ጀምሮ ጨረሰ። ይህ የሆነው በዋናነት በአንዲት ሴት ሙያ ነው፤ ካምፑ ለሱ ብቻ በመደባት ሻዶ ቲቸር፣ ማለትም ከጎኑ ሳትለይ በምትረዳው መምህርት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ «እሷ» እያልኩ ልቀጥል።

ካምፑ ሳይከፈት ቀጠሮ ይዛ አገኘችን። ገና ስትጠይቀን ነው ልቤ ያረፈው። ብዙ ሰው «ይሮጣል እንዴ?» ነው የሚለው። እሷ ግን «ሲሮጥ ወዴት ነው የሚሮጠው?» አለች። «ውሃ ወዳለበት» አልናት። ወዲያው ጻፈችው። በማግስቱ የመዋኛ ገንዳው በር ከውስጥም ከውጭም እንደሚዘጋ፣ አጥሩ ዙሪያውን ክፍተት እንደሌለው ራሷ ሄዳ አይታ ደወለችልኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከአዋቂ ዓይን ሹልክ ብለው መሄዳቸው የተለመደ ነው። ብዙዎቹን ደግሞ ውሃ ይስባቸዋል። ሹልክ ብለው ሲወጡ ሕይወታቸውን ከሚቀጥፉት አደጋዎች ዋነኛው መስጠም ነው። ይህንን ሳትነግሯት የምታውቅ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል።

የቲሸርቱን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የካምፑ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳሉ። አዲስ ጨርቅ፣ ከአንገቱ ላይ የሚኮሰኩስ ምልክት ያለው። ልጄ እንዲህ ያለውን ልብስ ቀዶ ነው የሚጥለው። እሷ ቲሸርቱን አስቀድማ ላከችልን። ምልክቱን ክሩ እንኳ ሳይቀር በጥንቃቄ ፈትታ አውጥታዋለች። «እስኪለሰልስ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ይልመደው» የሚል ወረቀት አያይዛለች። የመክፈቻው ቀን ሳያቅማማ ለብሶት ወጣ። እጇ ይባረክ!

አብራ የላከችው ትንሽ መጽሐፍም ነበረች። የካምፑን በር፣ ሽንት ቤቱን፣ የመመገቢያ አዳራሹንና የራሷን ፊት ፎቶ አንስታ፣ ከያንዳንዱ ሥር አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፋበታለች። ሶሻል ስቶሪ ይሉታል። ካሮል ግሬይ የምትባል አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጣችው ዘዴ ነው። ልጁ አዲሱን ቦታ ሳይረግጠው በፊት ያውቀዋል። ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው፤ ግን ስንቱ ካምፕ ነው የሚያስበው?

ከካምፑ ደንብ ጋርም ተጋጭተን ነበር። «ታብሌት አይገባም» ይላል ደንቡ። ልጄ በአፉ አይናገርም። የሚናገረው በታብሌቱ ነው፤ ሥዕሉን ሲነካ ድምፅ ያወጣለታል። ልከራከር ተነስቼ ነበር፣ እሷ ቀደመችኝ። «ይሄ መጫወቻ አይደለም፣ የልጁ አፍ ነው። የሌሎቹን ልጆች አፍ በር ላይ እናስቀራለን?» አለቻቸው። አለቀ። ገንዳ ሲገቡ ደግሞ ታብሌቱ እንዳይረጥብ ብላ በላስቲክ የተለበጡ የሥዕል ካርዶች ሠርታ ወገቧ ላይ በቀለበት አንጠለጠለች። አስተባባሪውም ሰምተው ደንቡን ስላስተካከሉ ሊመሰገኑ ይገባል።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ጫጫታው ከአቅሙ በላይ ሞላበት። ልወስደው ቀድሜ ደርሼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም ልጆች አዳራሽ ውስጥ እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተዘረጋና ጮኸ። ሌላ ሰው ቢሆን ያነሳዋል፣ ያባብለዋል ወይም ይቆጣዋል። እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ሌሎቹን ልጆች ማራቅ ነው። ከላዩ ያለውን መብራት አጠፋች። የጆሮ መከላከያውን እጁ በሚደርስበት አስቀምጣ ራቅ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ትንፋሹ ሲረጋጋ «ውጪ» የሚለውን ካርድ ብቻ አሳየችው። ካርዱን ተቀብሏት ተነሳ።

እንዲህ ያለው ነገር ጥጋብም ብልግናም አይደለም። የሚያለቅሰው የፈለገውን ለማግኘት ሳይሆን ድምፁ፣ ብርሃኑና ግፊያው ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው። ያኔ የኛ «አይዞህ፣ አይዞህ» እንኳ ተጨማሪ ጫጫታ ነው።

ከልጄ አልፋ ለሌሎችም ተርፋለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ስለነበር ወጣቶቹን በጎ ፈቃደኞች ሰብስባ ስታሰለጥን አይቻለሁ። ሲጥለው ሰዓት ያዙ፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ፣ አትጫኑት፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ። አንዱ ልጅ «ማንኪያስ አንከትም?» ብሎ ሲጠይቅ የሰጠችው መልስ እስከ በሩ ተሰምቷል።

አንዳንድ ሰው ይህንን ስነግረው «ስለተቀበሉልሽ እግዜርን አመስግኚ» ይለኛል። እግዜርንማ ሁሌም አመሰግናለሁ። ግን መቀበላቸው ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30 ላይ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት እንዲሳተፉ አገሮች ሊያደርጉ ይገባል ይላል። እሷን የማመሰግናት አዝናልን ሳይሆን ሥራዋን ስለምታውቅ ነው። አንጀቱ የሚራራ ሰው ሞልቷል። የቲሸርት ምልክት የሚታየው ሰው ነው የጠፋው።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ወላጅ አትመችም። ቀን ቀን ስልክ አታነሳም። ፎቶ ላኪልኝ ብትሏት አትልክም፣ «እጄ ልጁ ላይ ነው» ትላለች። ማታ ማታ አጭር መልእክት ትልካለች፦ ምን እንደበላ፣ የት እንደከበደው። አታቆላምጥም። የአዳሩን ፕሮግራም በተመለከተ «ዘንድሮ አይችለውም፣ የእሳት ዳር ጨዋታውን አይቶ ወደ ቤት ይሂድ» ስትለኝ ከፍቶኝ ነበር። እንዳለችው አደረግን፤ ልጁ ደስ ብሎት ነው የተመለሰው።

በዕረፍት ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የምትይዘው። ስለዚህ የምትፈልጓት ቀደም ብላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ካልደረሳችሁም የምታገኙትን ካምፕ ሁሉ ይህንን ጠይቁ፦ ልጄን በስሙ የሚይዝ አንድ ሰው ይኖራል ወይ? ያ ሰው ሲታመም ማን ይተካዋል? ልጄ ሲሞላበት የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍል የት ነው? «አይ፣ ችግር የለም፣ እንከባከበዋለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

እሷን ስታገኟት ደግሞ ምንም እንዳትደብቁ። የሚናከስ ከሆነ ይናከሳል በሏት፣ ልብሱን የሚያወልቅ ከሆነም ንገሯት። ይህን ሰምታ አትሸሽም። የምትቆጣው ወላጅ ደብቆ ሲልክባት ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጉድ ነው የሚፈላው።