በሙጫ የሚጎትተው የጭርምት ማውጫ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ

መኪናችሁን ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት ጭርምቱን ግቢያችሁ ውስጥ ማውጣት ካሰባችሁ ይህ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል። እኔ በር ላይ ለነበረ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ተጠቀምኩበት፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ትንሿን የጎማ መያዣ ጭርምቱ ላይ በትኩስ ሙጫ ለጥፋችሁ የመጎተቻውን ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ ስታጠብቁት ላሜራው «ጧ» ብሎ ሲመለስ ደስ ይላል!

ግን ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት አትሞክሩት። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ላሜራው በረዶ ሆኖ ያድራል፣ ትኩሱ ሙጫ በደንብ ሳይዝ ይደርቅና የጎማ መያዣው ተላቆ ይወድቃል። እኩለ ቀን ፀሐይ ሲመታው፣ ካልሆነም በፀጉር ማድረቂያ አሙቁና ቅባቱን በአልኮል ጠርጋችሁ ለጥፉት። የሚቀረውን ሙጫም አልኮል ያላቅቀዋል።

የፓራፋንጎ (ከመኪናው ጎማ በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ ላይ ወይም ላሜራው የታጠፈበት ቦታ ላይ አይሠራም፣ እሱን ለባትላሜራ ባለሙያ ስጡ። ድሮ ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ) የተቀባ ቦታ ላይም አትለጥፉት፣ ገንጥሎት ይነሳል።

የቀረችውን ትንሽ ጉድጓድ በስሱ ስቱኮ ሙሏት። ስቱኮው ውስጥ የሚቀላቀለው ማድረቂያ የስቱኮውን 2 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይበቃል፣ ብርድ ነው ብላችሁ ካበዛችሁት በኋላ ቀለሙ ላይ እድፍ ያወጣል። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180 እና በ320 አለስልሱት።

ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሙጫ ትንሽ ስለሆነ ተጨማሪ አብራችሁ ግዙ።