አሥር ወር ከኪራይ ትሮምቦን ጋር

ልጄ አራተኛ ክፍል ስትጨርስ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ዓመት ባንድ መግባት የሚፈልግ ልጅ መሣሪያውን ይምረጥ ይላል። እኔ በልቤ ክላርኔት ብያለሁ። ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ቦታ አይፈጅም። እሷ ግን ትሮምቦን ላይ፣ ያ እየተሳበ የሚነፋው ረጅም የናስ መሣሪያ ላይ፣ ምልክት አድርጋ ጨርሳለች።

"ቁልፍ የለውማ አባዬ! ዝም ብሎ መሳብ ነው" አለችኝ።

ዝም ብሎ መሳብ! ይቺን ቃል እያስታወስኩ ዓመቱን ሙሉ ስስቅ ከረምኩ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ዲሲና ደለስ ኤርፖርት መካከል ስመላለስ ነው የምውለው። የትሮምቦን ዋጋ ስጠይቅ ደህና የተባለ አዲስ የተማሪ ያማሃ ከሺህ ዶላር በላይ ነው አሉኝ። ልጅቷ በሁለተኛው ወር ሰለቸኝ ብትልስ? ስለዚህ እዚህ አገር ብዙ ወላጅ የሚያደርገውን አደረግን፤ ተከራየን። የሱቁን ስም አልጠራም። ወደ ኋላ ላይ የማማርረው ነገር አለኝ።

ኪራዩ በወር 32 ዶላር ነበር። በላዩ 6 ዶላር የጥገና ዋስትና አለ። ዋስትናውንማ አልፈልግም ብዬ ልሄድ ስል፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ "አንዴ ይዩኝ" ብሎ ስላይዱን ነቀለው። ስላይድ ማለት ያ የሚሳበው ረጅም ክፍል ነው። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሌሎች ሁለት ቱቦዎች ውስጥ ይገባሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለዓይን አይታይም። ልጁ በጣቱ ውጪውን ጫን አድርጎ "እዚህ ጋ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ከገባች አለቀ፣ ይያዛል" አለኝ። 6 ዶላሯን ጨመርኩ። ከዚያ ቤት ያገኘሁት ምርጥ ምክር እሱ ነው።

የሰጡን ያማሃ የተማሪ ሞዴል ነው፤ ቁጥሩ ዋይኤስኤል 354። አዲስ አልነበረም፣ ሳጥኑ ላይ የሌላ ልጅ ተለጣፊዎች ነበሩበት። መሣሪያው ግን ጨዋ ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ትልልቆቹ የኦርኬስትራ ትሮምቦኖች ከዚህ ሰፋ ስለሚሉ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃሉ። ለአሥር ዓመት ልጅ ሳንባ ይኼኛው ይበቃል። ለእኔ ሳንባም ቢሆን።

አዎ፣ እኔም ገባሁበት።

ነገሩ የተጀመረው በማውዝፒሱ፣ ከንፈር በሚያርፍባት ትንሽ ክፍል፣ ነው። ትሮምቦን እንደ ዋሽንት እፍ አይባልም። አየር ብቻ ብትነፋበት አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ሁለቱን ከንፈር ገጠም አድርገህ እንደ ንብ ዝዝዝ ማሰኘት አለብህ። ቱቦው የሚያጎላው ያንን ዝዝታ ነው። ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ይኼን ስትለማመድ ከታች ፎቅ ያሉት የወሎ እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ እናንተ ቤት ጥጃ ገባ እንዴ?" አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ "ግዴለም፣ ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ትርፍ ማውዝፒስ ገዝቼ ታክሲዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት እንቆማለን። መስኮቱን ዘግቼ ዝዝዝ እላለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የቆመ ወዳጄ ከመኪናው ወርዶ መስታወቴን አንኳኳ። "ደግሞ ማን ሞተ?" አለኝ። ለካ የዕድር ጥሩንባ ነፊ መስዬው ነው። ስሙ ወጣልኝ፤ እስከ ዛሬ ጥሩንባው ነው የሚሉኝ።

አሁን ወደ "ዝም ብሎ መሳብ" ልመለስ። ስላይዱ ሰባት ቦታዎች አሉት። ሙሉ በሙሉ የተዘጋው አንደኛ ነው። ከዚያ አንድ አንድ ቦታ ወደ ውጭ በሄድክ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ኖታ ይወርዳል። ችግሩ ግን ቦታዎቹ ላይ ምንም ምልክት የለም። መስመር የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ቀዳዳ የለም። ርቀቱም እኩል አይደለም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ሲደርስ ወደ 11 ይጠጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተዘጋው ትሮምቦን ቱቦ 2.7 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። እየረዘመ በሄደ መጠን ያንኑ ግማሽ ኖታ ለማውረድ ብዙ ቱቦ ይጠይቃል። ሦስተኛው ቦታ ሰፊው አፉ አካባቢ ነው፣ አራተኛው አፉን አለፍ እንዳልክ። ሌላውን ጆሮህ ነው የሚነግርህ።

በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ኖታ ብቻ አይደለም ያለው። ክንድህን ሳታንቀሳቅስ ከንፈርህን ጠበቅ ስታደርግ ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል። አንደኛ ቦታ ላይ ብቻ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ እንደገና ቢ ፍላት፣ ከዚያ ዲ ታገኛለህ። ስለዚህ ክንድህ ልክ ሆኖ ከንፈርህ ከተሳሳተ ሌላ ኖታ ነው። ይኼ የገባኝ በሦስተኛው ወር ነው።

የልጆቹ መጽሐፍ የሚጀምረው በአምስት ኖታዎች ነው፤ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ። መጀመሪያው አንደኛ ቦታ ላይ ነው፤ ጥሩ። ሁለተኛው ግን ስድስተኛ ቦታ ነው! ምስኪን ልጅ ገና ከመጀመሯ ክንዷን እስከ ጫፍ መዘርጋት አለባት። የእኔዋ ትከሻዋን ጠምዝዛ፣ ምላሷን አውጥታ፣ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትደርሰው። ሰባተኛውንማ ተዉት። እዚህ ላይ መሣሪያውን አልወቅስም፣ የሁሉም ትሮምቦን ጣጣ ነው። ግን ኪራይ ቤቱ ለልጅ ሲያከራይ ይኼን አንድ ቃል ሊነግረን ይችል ነበር።

አደጋው የደረሰው ታኅሣሥ ላይ ነው። ስላይዱ አንገቱ ጋ መቆለፊያ አለው። ካልቆለፍከው አፍንጫውን ወደ መሬት ስታዘነብል ተንሸራትቶ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ እንደዚያ ሆነ። ኳ! ማታ ሳየው ውጪው ቱቦ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ከአራተኛ ቦታ በታች አልወርድም አለ።

በማግስቱ ወሰድኩላቸው። ዋስትናው አለኝ አይደል? ጥገናው በነፃ ነው አሉኝ፣ እውነትም አልከፈልኩም። ሦስት ሳምንት ግን ፈጀባቸው። በመሃል የሰጡን ምትክ ሲነፋ የድሮ ካልሲ ይሸታል። ትሮምቦን ውስጥ የትንፋሽ ውሃ ይጠራቀማል፤ ታች ጫፉ ላይ በምትከፈት ትንሽ ክዳን ይፈሳል። ያ መሣሪያ ይኼ ሁሉ ዓመት ታጥቦ አያውቅም። መታጠቢያ ቤት ገንዳ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ከውስጡ የወጣውን አልናገርም፣ የምትበሉ አላችሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ውሉ ነው። "የከፈሉት ኪራይ ለግዢው ይቆጠርልዎታል" ይላል በደማቁ። ታች በደቃቁ ፊደል ግን የሚቆጠረው ከሙሉ የአዲስ ዋጋ ላይ ነው። የሌላ ልጅ ተለጣፊ ያለበትን መሣሪያ በአዲስ ዋጋ! ቁጭ ብዬ ደመርኩት፤ ሁለት ዓመት ተኩል ከፍዬም አያልቅም።

በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ የፕላስቲክ ትሮምቦን ገዛሁ። ከ200 ዶላር አልዘለለም፤ ሰማያዊ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ስለሆነ የልጅ ክንድ አያደክምም፣ ቢወድቅም ልብ አይደነግጥም። ድምፁ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሰምቼው አልለየሁትም። ስላይዱ ግን ሰነፍ ነው፣ ጎተት ጎተት ይላል። ፈጠን ያለ ነገር ስትሞክር ክንድህ ይቀድመዋል። አሁን የታክሲው ነው። ለመኪናና ለጉዞ ይሁን፣ ለትምህርት ቤት አልመክርም።

ሰው ለምን በዚህ ዕድሜህ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ። ዲሲ ውስጥ 6ኛውና ኤም ጎዳና ላይ ዩናይትድ ሃውስ ኦፍ ፕሬየር የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከኛ ሬስቶራንቶች ሰፈር ብዙም አይርቅም። ካፍቴሪያቸው ውስጥ የተጠበሰ ዶሮ ስበላ ኖሬያለሁ። መሥራቹ ዳዲ ግሬስ ከኬፕ ቨርድ ደሴቶች የመጣ ስደተኛ ነበር። የአምልኳቸው ሙዚቃ ትሮምቦን ነው። ኦርጋን አጅቦት አንድ ትሮምቦን አይደለም፤ በረድፍ የቆሙ ትሮምቦኖች! አንዱ መሪ ሆኖ ይጮሃል፣ ሌሎቹ እንደ መዘምራን ይቀበሉታል። አንድ እሑድ ደንበኛ አውርጄ መስኮቴን እንደከፈትኩ ያ ድምፅ መጣብኝ። ናስ እንደ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ሚስቴ "የት ጠፋህ" ብላ እስክትደውል እዚያው ቆሜ ነበር።

ከዚያ በፊት ትሮምቦን ለእኔ የሰልፍ መሣሪያ ነበር። ልጅ ሆኜ መስከረም 2 ቀን አብዮት አደባባይ ማርሽ ባንድ ሲያልፍ ትሮምቦኖቹ ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ። ትልቅ ሹመት ይመስለኝ ነበር። ለካ ስላይዱ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እንዳይወጋ ነው!

የልጄ አስተማሪ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ነገሯቸው። በ1808 በቀረበው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ትሮምቦኖቹ ሦስት ክፍል ሙሉ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የሚገቡት አራተኛው ላይ ነው። ደለስ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይኼ ይገባዋል።

መሰንቆም ላይ እኮ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም። አዝማሪው በጆሮው ነው የሚያገኘው፣ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድም ያንሸራትታል። ይኼ ሲገባኝ መጽሐፉን ዘግቼ ትዝታ ቅኝት ፈለግኩ፤ ሜጀሩን። አንደኛ፣ ስድስተኛ፣ አራተኛ፣ አንደኛ፣ አራተኛ። ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። አለቀ! ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። "አባዬ፣ ይኼ እኮ እማዬ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረው ነው" አለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉንም ማንሸራተት አያምርም፣ የሰከረ ይመስላል። ማንሸራተት ካልፈለግክ በምላስህ ለስለስ ያለ "ዱ" እያልክ ትለያየዋለህ። ይኼ አሁንም እያቃተኝ ነው።

ሰኔ ላይ የኪራዩን መለስን። በምትኩ ኮሌጅ ሊገባ ከነበረ ልጅ ያንኑ ሞዴል ያማሃ በ450 ዶላር ገዛሁ። ልትገዙ ከሆነ ስላይዱን አቁማችሁ መቆለፊያውን ክፈቱ፣ ታችኛውን በእጃችሁ እየተቀበላችሁ። በራሱ ክብደት ሳይንገታገት መውረድ አለበት። ናሱ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካያችሁ ከውስጥ እየተበላ ነውና ተዉት። ገና ለምትጀምሩ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ተከራዩ፣ 6 ዶላሯንም ክፈሉ፣ የግዢውን ነገር እርሱት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ግድግዳ አስደግፌ ሰባተኛውን ቦታ ሞከርን። አራት ጣት ቀርቷታል።