የሉዊ አርምስትሮንግ ባለ አራት ሲዲ ስብስብ፦ ከየትኛው ዘፈን ልጀምር ለምትሉ

በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እየነፋሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ነፊ ሉዊ አርምስትሮንግ ሆት ፋይቭ እና ሆት ሰቨን ከተባሉት ባንዶቹ ጋር የተቀዳውን የያዘውን ባለ አራት ሲዲ ስብስብ የገዛሁትም ሰውየው ትንፋሹን የት እንደሚስብ ለመስማት ነው። በደንብ ይሰማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ምክሬ ከመጀመሪያው ሲዲ አትጀምሩ ነው። በ1928 የተቀዳውን «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» አስቀድሙ። አርምስትሮንግ ያለ ምንም አጃቢ፣ ትራምፔቱን ብቻ ይዞ ይገባል፤ መጀመሪያ እየወጣ፣ ከዚያ እየተጠማዘዘ ወርዶ ለባንዱ ያስረክባል። መሃል ላይ ቃል በሌለው ድምፅ ከክላርኔቱ ጋር ይቀባበላል፣ የኧርል ሃይንስ ፒያኖ ይከተላል። ከዚያ አንድ ከፍተኛ ኖታ ይይዝና ለአራት ባር (የሙዚቃ ምት ክፍል) ያህል አይለቅም። ትራምፔት የነፋ ሰው ከንፈር እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃል። እሱ ግን ድምፁ ሳይሳሳ ይጨርሰዋል። ዜማው የቀድሞ አለቃው የኪንግ ኦሊቨር ነው።

አሁን ወደ 1925 ተመለሱ፣ ቺካጎ፣ ወደ ሆት ፋይቭ መጀመሪያ። ኪድ ኦሪ በትሮምቦን፣ ጆኒ ዶድስ በክላርኔት፣ ጆኒ ሴንት ሲር በባንጆ፣ ሊል ሃርዲን በፒያኖ። ድራም የለም። ሦስቱ ትንፋሽ መሣሪያዎች እኩል ይናገራሉ፤ አርምስትሮንግ ትራምፔት በሚመስለው በኮርኔት ዜማውን ይመራል እንጂ ገና ብቻውን አልወጣም። በ1927 ቱባና ድራም ተጨምረው ሆት ሰቨን ሲሆኑ ነገሩ ይለወጣል። «ፖቴቶ ሄድ ብሉዝ» ላይ ባንዱ አንድ ምት መትቶ ዝም ይላል፣ ክፍተቱን ሁሉ እሱ ይሞላዋል። የአንድ ሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለነበር የሚባክን ነገር የለም።

የድምፁ ጥራት የዘመኑ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይሻክራሉ፣ ፒያኖውም ከሩቅ ነው የሚመጣው። በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። አራቱንም በአንድ ቀን መስማት ያደክማል፤ በቀን አራት አምስት ዘፈን ይበቃል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ እኔ በገዛሁት እትም ከሲዲው ጋር ያለው ጽሑፍ ስለ ሊል ሃርዲን የሚለው በጣም ጥቂት ነው። የአርምስትሮንግ ሚስት ነበረች፤ ከኪንግ ኦሊቨር ባንድ ወጥቶ በራሱ ስም እንዲቆም የገፋፋችው እሷ ናት። «ስትራቲን ዊዝ ሰም ባርቤኪው» የተመዘገበውም በእሷ ስም ነው። ያን ዘፈን ስትሰሙ ፒያኖዋን ለይታችሁ አድምጡ።

ለልጁ ትራምፔት የገዛ ወላጅ ይህንንም አብሮ ቢገዛለት ገንዘቡ አይቆጨውም።