የበግ ጸጉር ማጠቢያችንን ላቃኑልን ሁለት አማካሪዎች የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ቀጥሎም በኮምቦልቻ፣ በደሴና በአካባቢው አነስተኛ ማምረቻ ይዛችሁ «አማካሪ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ፊታችሁ ለሚጠቁር ወገኖቼ ነው፤ እስከ ዓምና ድረስ የእኔም ፊት ይጠቁር ነበርና አልፈርድባችሁም።

አባቴ በሁለት የሽመና ዕቃ የጀመረው የባና (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ) እና የምንጣፍ ሥራ ዛሬ 31 ሰዎችን ያስተዳድራል። የበጉን ጸጉር የምናገኘው ከለጋምቦ ደጋ ሲሆን፣ ነጋዴዎች ከአቀስታ ገበያ ሰብስበው ያመጡልናል። አጥበን፣ አበጥረን፣ አስፈትለንና ቀለም ነክረን እንሸምነዋለን። የታጠበበት ውሃ በቦይ ወርዶ ወደ ቦርከና በሚገባው ወንዝ ይቀላቀላል፤ ከማጠቢያችን በታች ደግሞ በዚያው ውሃ ሽንኩርትና ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል፤ እኛም ለዓመታት «እናስተካክላለን» ስንላቸው ኖረናል። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ዕቃችን ተዘርፎ በብድር ስንነሣ ግን እንኳን ቦይ ልናስተካክል፣ ደመወዝ ከፍለን ማደርም ብርቅ ሆኖብን ነበር።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው ሁለት ጊዜ በአማካሪዎች የተታለልሁት። የመጀመሪያዎቹ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀብለው ከአራት ወር በኋላ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ላኩልኝ። ማታ ልጄ ጮክ ብላ ስታነብልኝ፣ «ድርጅቱ የቡና መፈልፈያ ማሽኖቹን በማሻሻል…» የሚል ቦታ ደረሰች። እኔ ቡና የማውቀው ረከቦት ላይ ነው። ደውዬ ስጠይቅ «የጽሕፈት ስሕተት ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልካቸውም አልተነሣ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ችግኝ እንድንተክል፣ ባነር እንድናሠራና ፎቶግራፍ እንድንነሣ መከሩን። ተከልን፤ ተነሣን፤ ከፈልንም። ችግኞቹን በሳምንታቸው ፍየል በላቸው፤ ባነሩ ግን አሁንም በደህና ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ዝናብ ሲሆን የማገዶ መሸፈኛ አድርገነዋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁን፣ ቁጥር 300/1995ን፣ እያነበቡ «በካይ የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለበት» እያሉ ሲያስፈራሩኝም ነበር። ሕጉ እውነት ነው። እንዴት እንደሚጸዳ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

እንግዲህ በደሴ የምትነግድ ዘመዴ እነዚህን ሁለት አማካሪዎች፣ አንዲት እህትና አንድ ወንድም፣ ስትጠቁመኝ እንዴት እንደተቀበልኋቸው መገመት አያዳግትም። ቡና እንኳ አላፈላሁላቸውም፤ ለወሎ ሰው ይህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እስካሁንም ይቆጨኛል።

እነሱ ግን ጥራዝም ባነርም አላነሡም። እህታችን በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ወረደችና 18 ዓመት ጸጉር ያጠቡልንን እናት «እማማ፣ በቀን ስንት ባልዲ ውሃ ይደፋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ሳያመነቱ ቁጥሩን ተናገሩ፤ የትኛው ውሃ ጥቁር፣ የትኛው ቢጫ፣ የትኛው ጥርት ብሎ እንደሚወጣ ጭምር ዘረዘሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከዚያ ሚዛን እንዲመጣ አደረገች። ያልታጠበ ጸጉር አሥር ኪሎ ተመዘነ፤ ታጠበ፤ በፀሐይ ደረቀ፤ በማግስቱ ሁላችንም ከበን ቆመን እንደገና ሲመዘን ስድስት ኪሎ ሆነ። እህታችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ አራቱ ኪሎ ጭቃ፣ በጠጥ፣ እሾህና የበጉ ቅባት ነው። ይህን በጸጉር ዋጋ ይገዙታል፤ ከአቀስታ እስከዚህ የጭነት ይከፍሉበታል፤ በውሃና በሳሙና ያጥቡታል፤ በመጨረሻም ለታች ሰዎች ይልኩታል» አለችኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ግን በልቤ የስንት ዓመት ጭቃ እንደገዛሁ እያሰላሁ ስለነበር መሳቅ አልቻልሁም።

በኋላ እንደነገሩን፣ ይህ አስተሳሰብ የጋራ እሴት መፍጠር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክል ፖርተርና ማርክ ክሬመር የተባሉ ሁለት ምሁራን በጽሑፍ በሰፊው ያስተዋወቁት ነው። እኔ በተረዳሁት መጠን ነገሩ ምጽዋት አይደለም፤ ድርጅቱ ከሚያተርፍበት ከራሱ ሥራ ውስጥ ማኅበረሰቡና አካባቢው አብረው የሚጠቀሙበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሦስት መንገዶች እንዳሉት ዘርዝረውልን ነበር፤ እኔ ጋ የቀረው ግን ሚዛኑ ነው።

መፍትሔውም ከማጠቢያው ሳይሆን ከደጋው ጀመረ። ወንድማችን ከእኛ ሠራተኞች ጋር ለጋምቦ ወጥቶ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በጎቹ ከመሸለታቸው በፊት ይታጠቡ ሲል እረኞቹ «በዚህ ብርድ ልትገድሉብን ነው?» ብለው ተቆጡት፤ እሱም አልተከራከረም፣ ሐሳቡን ተወው። በምትኩ በረቱን በደረቅ ሣር ማንጠፍ፣ በጉን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ መሸለት፣ የሆድና የእግሩን ጸጉር ከጀርባው መለየት ብቻ ተስማሙ። እኛም በድፍን ኪሎ መግዛታችንን ትተን ለንጹሑ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ጀመርን፤ የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ጭማሪው በቀጥታ ለእነሱ ይደርሳል። ዘንድሮ ከአሥሩ ኪሎ ስምንት የሚጠጋው ጸጉር ሆኖ ይወጣል፤ የማጠቢያ ውሃችንም ከቀድሞው በግማሽ ቀንሷል። የቀረው ቆሻሻ ውሃ በሦስት ተከታታይ ጉድጓዶች ውስጥ እየጠለለ ይወጣል። ጉድጓዶቹ ለምን ሁለት ወይም አራት እንዳልሆኑ ተብራርቶልኝ ነበር፤ አልገባኝም፣ ግን ይሠራሉ።

ሁሉም ሐሳባቸው ሰምሯል ማለቴ አይደለም። የጸጉሩን ቅባት ለይቶ ለሳሙና ሠሪዎች መሸጥ የሚለው አልሆነልንም፤ ይህን ራሳቸው ቀድመው አምነው ከዕቅዱ አወጡት። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ከፍለን ያገኘነውን በዓይናችን አይተናል።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ከታች ካሉት ገበሬዎች ጋር የተቀመጥንበትን ቀን ነው። እህታችን በዋዜማው «ነገ አይመልሱ፣ አያስረዱ፤ ይስሙ ብቻ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። በአካባቢው አበጋር ሆነው ሰው የሚያስታርቁ አንድ ሼህ አሉ፤ በእሳቸው ግቢ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሼሁ ከጓዳ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ አስወጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ስፈታው የእኛው የበግ ጸጉር ነበር፤ ከመስኖ ቦያቸው በእጃቸው እየለቀሙ ያጠራቀሙት፣ ጠቁሮ የተጠቀለለ። «ሰባት ዓመት ቦይ ስጠርግ ይህን ስለቅም ኖርሁ። ከእናንተ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ዛሬ ገና ነው» አሉ። መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እህታችን እጄን ያዝ አደረገችኝ፣ ዝም አልሁ። ስንወጣ ሼሁ ራሳቸው ናቸው «አብሽሪ ልጄ» ብለው የሸኙኝ። ጆንያውን ይዤው መጣሁ፤ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እሱን አሳያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው ጉዟቸው እህታችን ማንም ሳይጠይቃት ለእማማ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንትና አንድ ጣሳ ቫዝሊን ይዛ መጣች፤ የተሰነጣጠቁ እጆቻቸውን የመጀመሪያ ቀን አይታቸው ኖሯል። በደረሰኝም በዕቅድም ውስጥ አልተጻፈም። እማማ እስከ ዛሬ ጓንቱን አጥበው በጥላ ነው የሚያሰጡት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቆዳ የምትሠሩ፣ ዱቄት የምትፈጩ፣ ወተት የምታቀናብሩ፣ ከጎረቤት ጋር በውሃ ወይም በጭስ የተቀያየማችሁ ሁሉ፣ እነዚህን ሰዎች ጥሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯቸው። ሌላ ጥራዝ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ግቢያችሁን አሳዩአቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጻፍሁትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። በጥር ለሽለታው ወደ ለጋምቦ ስለሚመለሱ በመንገዳቸው ኮምቦልቻ ሦስት ቀን ይቆያሉ፤ ማየት የሚፈልግ ወደ ማጠቢያችን ይምጣ። በዚህ ጊዜ ቡናው ቀድሞ ይፈላል።