ለእማዬ ጉልበት የሚሆን መንገድ፦ የመናገሻ ሱባ ፏፏቴ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ግማሽ ቀን በእግር መንሸራሸር ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ እናቱንና ልጁን አብሮ ለሚይዝ፣ የመናገሻ ሱባን የፏፏቴ መንገድ ሳላመነታ እመክራለሁ። ስሙ የፏፏቴ መንገድ ይባል እንጂ የምትሄዱት ለጫካው ነው። ጢስ ዓባይን አስቦ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ውሃው ቀጭን ነው። እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን በከተማችን ዙሪያ ከሄድኩባቸው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ጫካው ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ወጨጫ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ላይ የሚወጡ ረጃጅም መንገዶች አሉ፣ ጉልበት ላለው። የፏፏቴው መንገድ ግን ለሁሉም ይሆናል። እኛ በእማዬ እርምጃ፣ እያረፍን ሄደን አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብን።

ለመድረስ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በአምቦ መንገድ መናገሻ ከተማ ደርሶ መታጠፍ ነው። ሌላው በጅማ መንገድ በሰበታ በኩል ነው። እኛ በሰበታ ነው የሄድነው። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ታክሲ አይቸግርም። ከሰበታ በኋላ ያለው ኮረኮንች ነው፤ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ያላችሁ ባትሞክሩት ይሻላል። እኛ የኮንትራት መኪና ያዝን። ሹፌሩ መንገድ ላይ ዋጋ ጨመረብን፣ እናት ይዤ ምን ልበለው፣ ከፈልኩ። እናንተ የመሄጃውንም፣ የመጠበቂያውንም፣ የመመለሻውንም ዋጋ ሳትቆርጡ አትሳፈሩ። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሰበታ የሚኖር ሰው ደውላችሁ የዚያን ሳምንት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጥሬ ብር ያዙ። እኛ በሄድንበት ቀን ስልካችን ኔትወርክ አልነበረውም፤ በሞባይል ልክፈል ብትሉ የሚሆን አይመስለኝም።

መግቢያው አካባቢ የሚቀበላችሁ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ይሄ ነው እንዴ ጫካው?» ይላል። ትንሽ ታገሡ። እኔ ይህን ክፍልም እወደዋለሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ቶሎ አልቆባት ነበር። አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አድጎ ማገዶና ማገር ሆነ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ጠዋት ሁለቱን ታያላችሁ፦ አዲስ አበባን ያቆያትን ዛፍ፣ ቀጥሎም ከእሷ በፊት የነበረውን አገር።

ወደ ሐበሻው ጥድ ስትገቡ አየሩ ይለወጣል። ባሕር ዛፉ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም። እዚህ ግን መሬቱ ራሱ ለስልሶ እግር ይቀበላል። ጥዱ ግንዱ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚያስቸግር ነው፤ ልጡ በረጃጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ወርዷል። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ አለ።

የሰፈሩን ልጅ በመንገድ መሪነት መያዝ ግድ ነው ባልልም፣ ያለ እሱ ግማሹን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። የእኛው ወጣት የእማዬን ዘንቢል ተቀብሎ ያዘ፣ ከወደቀ ቅርንጫፍ ምርኩዝ አበጀላት። ፈጠን ልበል ስትል «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ውሃው አይሄድብንም» ይላታል። ጥዱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገረውን የነገረንም እሱ ነው። እማዬ ያደገችው ደብረ ሲና ነው። ወፍ ዋሻ ጎረቤቷ ነበር። ቆም አለች።

«የእኛው ወፍ ዋሻ?»

«አዎ፣ እማማ። ከዚያ ነው ይላሉ።»

ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። ይኼ ወይራ ነው፣ ጭሱ ለጋንና ለእንስራ ማጠኛ። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ለቤት ምሰሶ ነው። ቀይ አበባ ያንዠረገገ ኮሶ ስናይ ደግሞ በልጅነቷ ኮሶ የጠጣችበትን ቀን፣ ምሬቱን፣ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጠብቋት የነበረውን ነገረችን። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የሰባት ዓመቷ ልጄ አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማት።

ጉሬዛ የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ጥቁርና ነጭ ፀጉሩን ዘርግቶ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር በጣም ያምራል። አውራ ጣት እንደሌለው ያወቅሁት እዚያ ነው። የምኒልክ ድኩላን ግን የሰማነው እንጂ ያየነው አይደለም። ከቁጥቋጦው ውስጥ እንደ ውሻ ጮኸ፤ ልጁ እጁን አንሥቶ አስቆመን። ድኩላው ጠቆር ያለና ዓይን አፋር ነው። ማየት የሚፈልግ በጠዋት፣ በዝምታ ይሂድ።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ ድምፁ ቀድሞ ይቀበላችኋል። ውሃው ከድንጋዩ ላይ ወርዶ ትንሽ ኩሬ ይሠራል። ቅዝቃዜው አጥንት ይነካል። ድንጋዩ ያሙለጨልጫል፤ ልጅ ካላችሁ እጇን ያዙ። ዳቦና ቆሏችንን፣ ፔርሙስ ውስጥ የያዝነውን ሻይ እዚያው ቀመስን። ጫካው ውስጥ ሱቅ ጠብቃችሁ አትሂዱ።

አንድ ያሳዘነኝ ነገር አለ። ኩሬው ዳር የውሃ ፕላስቲክና የብስኩት ላስቲክ ተጥሎ አየሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሙሉውን ጠርሙስ ተሸክሞ የመጣ ሰው ባዶውን መመለስ እንዴት ይከብደዋል? እባካችሁ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ያገኛችሁትንም ልቀሙ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ይሻላል። ክረምቱ የሞላው ውሃ ገና አልጎደለም፤ ጭቃው ግን ደርቋል። በሐምሌና በነሐሴ ፏፏቴው ያስገመግማል፣ መንገዱ ግን ለእማዬ ዓይነት ጉልበት አይሆንም። በበጋው ማብቂያ ደግሞ ውሃው ይቀጥናል፤ ያኔ ለጥዱ ብቻ ሂዱ። ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ፣ ሹራብ ያዙ፣ ፀሐይ ብትወጣም ጥላው ይበርዳል።

ከቤት በ12 ሰዓት ተነሡ። ከጫካው በ8 ሰዓት ብትወጡ ጥሩ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ከሰበታ ወደ አየር ጤና የሚመለሰው መንገድ ስለሚጨናነቅ ልጅና እናት ይዞ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ያደክማል።